እስክትደርሺ አትዝጊው

እህቴ ስትዋሽ ድምጿ ይቀጥናል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያው ናት። ዛሬ ጠዋት በእኔ የካውያ ቤትና በእሷ ሳሎን መካከል ባለው ስስ ግድግዳ በኩል ያ ቀጭን ድምፅ ሲመጣ፣ የሰው ሱሪ ዘርግቼ መስመር እያስያዝኩ ነበር። መጋረጃ ቤት አብራት የምትሰፋ ባልደረባዋ ልትጠይቃት መጥታለች። "ከወንድ ጋር ነዋ!" አለች እህቴ፤ "ልጄ ከወንድ ጋር በስልክ ስትንቀዋለል ነው የተጋጨችው እንጂ መንዳቱንማ አባቷ አስተምሯት አንደኛ ነበረች። ያቺ ጓደኛዋም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጎኗ ተቀምጣ አብራ ስታሽካካ ነው።" እንግዳዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ የዘንድሮ ልጆች ምናምን አለች። ወሬውን ከዚህ በፊትም ከሰው አፍ ሰምቼው ነበር፤ ከየት እንደወጣ ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ ወይም ማወቅ አልፈለግኩም። ካውያው እጄ ላይ መሆኑን ረስቼ በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ፤ የሚሸተኝ ምን እንደሆነ የገባኝ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የካውያ ቅርፅ ታትሞበት ሳየው ነው። እኔ፣ ሰፈሩ ሁሉ ባለካውያዋ የሚለኝ ሴትዮ፣ የሰው ልብስ አቃጠልኩ! ለባለቤቱ ምን እንደምለው እንጃ።

ወንድ የሚባል ነገር አልነበረማ! የደወለችው እሷ ናት፤ እህቴ ራሷ። የደወለችውም እዚሁ፣ በሬ ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ አንሶላ ስተኩስ ነው። ይሄንን ከእሷና ከእኔ ሌላ የምታውቀው ልጇ ብቻ ናት። የምታውቅ አንዲት ሌላም ነበረች፤ እሷን ግን ቀብረናታል።

ቤታችን በስልክ የሚኖር ቤት ነው። የእህቴ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እቤቱ ካደረበት ቀን መንገድ ላይ ያደረበት ይበዛል። ገና እንደተጋቡ መሪ ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው የእህቴ ጥሪ ቀሰቀሰው አሉ፤ ከዚያ ወዲህ እሱ ረጅም መንገድ በነዳ ቁጥር መስመሩ አይዘጋም። የምታወራው ባይኖራት እንኳ ስልኩን ስፌት መኪናዋ አጠገብ ታስቀምጥና እሱ እዚያ ማዶ የመርፌውን ድምፅ እየሰማ ይነዳል። መጨረሻ ላይ "ደረስኩ" ይላል፣ እሷም ትዘጋለች። ደረስኩ ሳይባል ስልክ መዝጋት እዚህ ቤት ከስድብ ይቆጠራል። እኔ ራሴ ገበያ ስሄድ "እስክትደርሺ አትዝጊው" እባላለሁ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት ለመግዛት! ፍቅሯ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ። ሚጡ፣ የእህቴ ልጅ ማለቴ ነው፣ አሥራ ስምንት ሞልቷት መንጃ ፈቃድ አውጥታ የአባቷን ትንሿን መኪና መያዝ ስትጀምር ደንቡ ወደ እሷ ተላለፈ። ለረጅም መንገድ ሹፌር የወጣ ደንብ፣ ሰውና መኪና በሚጋፋበት ከተማ ውስጥ ማርሽ ስትቀይር ገና እጇን ለምታይ ልጅ! ያውም ለአባትየው ድምፅ ይበቃ ነበር፤ ለእሷ በምስል ሆነ። እናት አላመነቻትማ።

የዚያን ዕለት ሚጡ ከጓደኛዋ ጋር ፎቶ ኮፒ ልናስነሳ ነው ብላ ወጣች። ጓደኛዋ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው ቤት ልጅ ናት፤ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ስለሆነ ስሟ ራሱ ፍንጭት ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ ከአንድ ሳህን እየበሉ ነው ያደጉት። እህቴ እዚህ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ደወለች። "ከማን ጋር ነሽ?" "ከፍንጭት ጋር።" "አሳዪኝ።" "እማዬ፣ እየነዳሁ ነው እኮ።" "ካሜራውን አዙሪው አልኩ!" እኔ "እትዬ፣ ሲደርሱ ትደውይላቸዋለሽ" ብላት በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ከዚያ የፍንጭት ድምፅ መጣ፣ "ማዘር! ይኸው እኔ ነኝ!" የሚል። እህቴም ስልኳን እያየች ሳቀች፣ "አይ አንቺ ቀበጥ!" አለቻት። ቀጥሎ የሰማነውን አልናገረውም። መስመሩ ግን አልተዘጋም። እህቴ ሃሎ፣ ሃሎ እያለች ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እስከ ሆስፒታል ድረስ ሄደች፤ አንድ ጫማዋ እኔ በር ላይ ቀረ። ዝጊው ብላት፣ አልደረሱም እኮ፣ አለችኝ።

ይሄ ከሆነ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ፖሊስ ሚጡን ሲጠይቃት ስልክ ይዤ ነበር ብላ አመነች፤ ከማን ጋር ብሎ የጠየቃት የለም፣ ጥፋቱ ያው ጥፋት ነው። እኔ፣ እህቴ ዛሬ ትናገራለች ነገ ትናገራለች እያልኩ ጠበቅኩ። ደግሞስ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ የምሠራበትም የምተኛበትም ክፍል እሷ ግቢ ውስጥ ነው። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። በሌላ ሰው ልጅ ላይ፣ ያውም በሞተች ልጅ ላይ፣ ወሬ መፍጠር ግን ሌላ ነው። ያቃጠለኝ እሱ ነው፣ ሱሪውንም ያቃጠለው እሱ ነው።

እንግዳዋ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ የፍንጭት እናት በሬ ላይ ቆመች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ክንዷ ላይ ዱቄት አይጠፋም። በላስቲክ የያዘችውን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ ጉርድ፣ የልጇ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ታጥቦ ገና እርጥበቱ ያልለቀቀው። ድሮ እሁድ እሁድ ነበር የምታመጣልኝ። "አልጋዋ ላይ ልዘረጋው ነው" አለችኝ፤ "ተጨማዶ ላየው አልቻልኩም።" እሺ ብዬ ጉርዱን መዘርጋት ጀመርኩ። ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ከሁሉ ቦታ እዚያችው በርጩማ ላይ! ካውያው እጄ ላይ ከበደኝ።

"ዳቦ ወረፋ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ" አለች። "ከወንድ ጋር ሲጫወቱ ነው ይላሉ። ታውራ! ልጅ ናት፣ ብታወራስ? እኔን የሚበላኝ እሱ አይደለም።" ጣቶቿን ታፍተለትላለች። "የዚያን ቀን ጠዋት ተቆጥቻት ነው የወጣችው። በካልሲ! ካልሲሽን የትም ትጥያለሽ ብዬ አፌን ከፈትኩባት። ቻው እንኳ ሳትለኝ በሩን ዘግታ ሄደች። እንዳኮረፈችኝ ነው የሞተችው ወይስ ረስታው ነበር? ይቺን ብቻ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ሚጡን ልጠይቃት እልና እግሬ እምቢ ይለኛል።"

ልጅሽ ስትስቅ ያየቻት ሴት አለች፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ተቀምጣ የሻይ ብርጭቆ እያጠበች ነው፣ ልላት አፌ ድረስ መጣ። ሳቋን እኔ አላየሁም፤ ድምጿን ብቻ ነው የሰማሁት። መንገር ያለባት ያየችው ናት ብዬ ዋጥኩት። "ከሰዓት መጥተሽ ውሰጂው" አልኳት፤ "ያኔ አብረን ወደ እህቴ ቤት እንገባለን።" "ሚጡን አልቆጣትም በያት" አለችና ተነሳች። ሸሚዙን ስተኩስ ኮሌታው ሥር በእስክሪብቶ የተጻፈ የልጅቷ የክፍል ቁጥር አገኘሁ፣ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የደበዘዘ። እሱ ላይ ስደርስ ካውያውን አነሳሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ለሚጡ ምግብ ይዤላት ገባሁ። መስኮቷ ላይ ያለው ቢጫ መጋረጃ እናቷ የሰፋችው ነው፤ ቀኑን ሙሉ አይገለጥም፣ ክፍሉ ሁልጊዜ የመሸ ይመስላል። እግሯ በጄሶ እንደታሰረ ትራስ ላይ ተጋድሟል። ፖሊስ ስልኳን ሲመልስ ፊቷን አዞረች፤ እኔ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚባል በእጇ ነክታ አታውቅም። የሰው ስልክ ሲጮኽ አንሶላውን ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች፣ ስለዚህ እቤት ያለ ስልክ ሁሉ ድምፁ ጠፍቷል። እህቴም ለማንም ደውላ አታውቅም። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ደረስኩ፣ ዝም ጭጭ። አባትየው ደግሞ ልጁ ስልክ ይዛ መንዳቷን ሰምቶ ከተቀየመ ወዲህ በዝምታ ነው የሚነዳው፤ የት እንዳደረ የምንሰማው ከረዳቱ ሚስት ነው። እናትና ልጅ አንድ ጣራ ሥር ሆነው የሚነጋገሩት "በላሽ?" "በላሁ" ብቻ ሆኗል።

"የፍንጭት እናት ከሰዓት ትመጣለች" አልኳት። ማኘኳን አቆመች። "እውነቱን ንገሪያት፣ ሚጡዬ።"

"እውነቱ ምንድን ነው?"

"ማን እንደደወለ ነዋ።"

ወደ ግድግዳው ዞረች። "መሪው እኔ እጅ ላይ ነበር፣ አክስቴ። አልችልም ብዬ መዝጋት እችል ነበር፤ አልዘጋሁም። መንገዱን ትቼ ስልኩን ያየሁት እኔ ነኝ። እማዬን ምን አገባት?" ይሄም እውነት ነው፤ ማንም ሊያነሳላት አይችልም። ግን የራሷን መሸከሟ ሳያንሳት የእናቷንም ደረበችበት። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ፣ ግማሹን አልበላችውም።

ከሰዓት የፍንጭት እናት ዱቄቷን አራግፋ፣ ንጹህ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ዩኒፎርሙን በመስቀያ አንጠልጥዬ ወደ ሳሎን ይዣት ገባሁ። እህቴ ስታያት ፊቷ አመድ መሰለ፤ ከቀብሩ ወዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው አያውቁም። ሻይ አመጣች፣ ስኳሩን ረሳች፤ ስኳሩን አመጣች፣ ማንኪያ ረሳች። ዩኒፎርሙን ባዶ ወንበር ጀርባ ላይ ሰቀልኩት፤ ከዚያ በኋላ ሦስታችንም ወደዚያ ወንበር ላለማየት ስንጠነቀቅ ነበር። የዱቄት ዋጋ ተወራ። የመጋረጃ ጨርቅ መወደድ ተወራ፤ ባለፈው ዓመት አንድ መስኮት ይለብስበት በነበረው ዘንድሮ ግማሹ እንኳ አይሸፈንም አለች እህቴ። ውሃ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ተወራ። ሰው የሚፈራው ነገር ሲኖር ስለ ዋጋ ማውራት እንዴት ይቀለዋል! በመጨረሻ የፍንጭት እናት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ለጠብ አልመጣሁም" አለች። "ልጄ መጨረሻ ላይ እንዴት ነበረች? ሚጡ ያለችሽ ነገር ካለ ንገሪኝ።"

እህቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ይለምናል። ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ። "ምን ትለኛለች ብለሽ ነው? አንዱ ወንድ ደውሎ እሱን ሲያጫውቱ…"

"እትዬ!" አልኩ። አላሰብኩበትም፣ አመለጠኝ። "የደወልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ ቤት ቁጭ ብለሽ። ፍንጭትን በስልኩ አይተሻታል፤ ስታናግርሽ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የራሷን ልጅ ለምን ትነፍጊያታለሽ?"

እህቴ የተማሰለውን ሻይ እንደገና ማማሰል ጀመረች። የፍንጭት እናት አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ታያለች፣ የቱን እንደምታምን ግራ ገብቷታል። በዚህ መሃል ከጓዳ በኩል የክራንች ድምፅ መጣ። ሚጡ በሩ ላይ ቆማለች፤ ያለ ደጋፊ ከአልጋ ስትነሳ የመጀመሪያዋ ነው፣ ላብ አጥምቋታል። "አክስቴ ተሳስታለች" አለች፣ ወለሉን እያየች። "ወንድ ነው። የኔ ጓደኛ ነው የደወለው። ፍንጭት የለችበትም። ምንም አላለችም፣ በመስኮት ውጪ ውጪውን እያየች ነበር።"

ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ልጅቷ እናቷን ላድን ብላ፣ የጓደኛዋንም ስም ላጽዳ ብላ የተናገረችው ነው፤ በክፋት አይደለም፣ እኔ አውቃለሁ። የካልሲውን ነገር ግን አታውቅማ። የፍንጭት እናት ራሷን ነቀነቀች፣ ቀስ ብላ። "ውጪ ውጪውን" አለች። "ስታኮርፍ እንደሱ ናት። እንዳኮረፈችኝ ነዋ።" ተነሳች። እኔ እጇን ልይዝ ስል በቀስታ አስለቀቀችኝ፤ እንደ ነገረኛ ነው ያየችኝ። ዩኒፎርሙን እንኳ ሳትወስድ ወጣች። እኔ እህቴን አየኋት። ልጄ ተይ፣ አትዋሺ፣ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እህቴ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። "ደስ አለሽ?" አለችኝ ከማጀት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። "ጎረቤት ፊት አዋረድሽኝ፣ ደስ አለሽ አሁን?" ወደ ካውያዬ ተመለስኩ።

የቀረውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ ስተኩስ ዋልኩ። ልቀቂልኝ ብትለኝ የት እንደምገባ አሰብኩ፤ ካውያውንና ጠረጴዛውን ጋሪ ላይ ጭኜ፣ አልጋዬን ደግሞ በሁለተኛ ዙር። ኑሮዬ ሁለት ዙር ጋሪ አይሞላም። በግድግዳው በኩል ጆሮዬን ጣልኩ፤ ማንኪያ አይንኳኳ፣ ሰው አይናገር፣ የስፌት መኪናው እንኳ ዝም ብሏል። እውነቱን ተናግሬ ውሸታም ተባልኩ፤ ያቺ ምስኪንም እኔ ልጥቀማት ባልኩበት አፍ ከጠዋቱ የባሰ ሐዘን ይዛ ሄደች። ባለ ሱሪው መጣ። ያቃጠልኩትን አሳየሁትና ተሳደበ፤ እሰይ አልኩ በሆዴ፣ ቢያንስ የሚያናግረኝ ሰው ተገኘ። እሱም ሄደ። ፀሐይዋ ከበሩ ወደ በርጩማው፣ ከበርጩማው ወደ ውጪ እያፈገፈገች ነበር።

በዚህ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ሳየው እህቴ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ! አስር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ በግድግዳ ተለያይተን ትደውልልኛለች። "አቤት እትዬ" አልኩ። "አትዝጊው" አለችኝ። "እስክደርስ አትዝጊው።" ወዴት እንደምትሄድ ለመጠየቅ አፌን ሳልከፍት የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ወደ በሩ ወጣሁ። እህቴ በነጠላ ጫማ፣ አንድ እጇ ላይ ስልኩን፣ ሌላው ላይ ዩኒፎርሙን በመስቀያ አንጠልጥላ መንገዱ ዳር ቆማለች። "መኪና እያየሽ ተሻገሪ!" ብዬ ጮህኩ። ግራ ቀኝ አየች፣ ተሻገረች፣ መታጠፊያው ላይ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ የሚመጣውን ብቻ ነው፤ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ፣ መስቀያው ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ሲነካካ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ እንደገና ስትራመድ። ከኋላዬ የክራንች ድምፅ መጣ። ሚጡ በግቢው በኩል ያለውን በር ከፍታ ገባች፣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ሁለታችንም ስልኩን እናያለን።

የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። "ማነው?" አለ የፍንጭት እናት ድምፅ፣ ከሩቅ።

"እኔ ነኝ።" በሩ ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ የእህቴ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን አይደለም፣ የጎረነነ፣ የራሷ ድምፅ። "የደወልኩት እኔ ነኝ። ካሜራውን አዙሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄ የዋሸችሽ ለእኔ ብላ ነው። ፍንጭት አላኮረፈችም። እየሳቀች ነበር። ፊቷን ስልኩ ላይ አስጠግታ 'ማዘር፣ ይኸው እኔ ነኝ' አለችኝ፣ ጥርሷን አይቼዋለሁ። ሌላ ነገር ለመስማት ጊዜ አልነበረም። ያየሁትን ይኸው ነገርኩሽ። አሁን የፈለግሽውን አድርጊኝ።"

ከዚያ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማን፣ ቀጥሎ ሁለት፤ የቷ የእህቴ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም። እህቴ ደረስኩ ማለቱን ረስታዋለች። እኔ በቤቱ ደንብ መሠረት ደረስኩ እስክትል እየጠበቅኩ ስልኩ ላይ አፍጥጬ ቆሜአለሁ። ሚጡ ከበርጩማው ተንጠራራች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ሲሸሽ የነበረው እጇ መጣና ስልኬን ነካው።

"ደርሳለች፣ አክስቴ" አለችኝና ዘጋችው።